በፋሻው ውስጥ ማን ነበር?

ጥቅምት 12

ወንድም ዓለም፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ አለን። "አለን" ማለቴን ልብ በልልኝ፤ "ደህና ነን" አላልኩም።

ስደውል ለምን እንደ ባዕድ "አዎ፣ እሺ፣ አይደለም" እያልሽ ትዘጊብኛለሽ ብለሃል። ስልኩ ያለው ሳሎን ነው፤ አባባ ደግሞ ዓይናቸው በደከመ ቁጥር ጆሯቸው እየሰላ ሄዷል። ገና አንተ መሆንህን ሲያውቁ "ስሜን አስገባው ወይ በይው!" ይላሉ ከወንበራቸው። እንዲህ እየተባለ ምን ይወራል? ስለዚህ የሆድ የሆዳችንን በደብዳቤ እንጨዋወት። ይህንንም የምጽፍልህ መድኃኒት ቤቱ ውስጥ፣ ከባንኮኒው ጀርባ ቆሜ ነው። ደንበኛ ሲገባ አቆማለሁና መስመሩ ቢንሻፈፍ እንዳትስቅብኝ።

የዓይን ሐኪሙ ያለውን ጠይቀሃል። የግራው አብቅቶለታል። የቀኙ ቢበዛ ሦስት አራት ወር ነው፤ ጠብታው የቀረውን ያቆያል እንጂ የሄደውን አይመልስም ብሎኛል። አሁን የሚታያቸው ትልቅና ብርሃን ያለበት ነገር ብቻ ነው። እኔን የሚለዩኝ በኮቴዬ ነው።

አንተ ደግሞ ይህን እያወቅህ ምን ብለሃቸው ሄድክ? "አባባ፣ ያ የድሮ ፊልምዎ እኔ የምሠራበት ማደሻ ገብቷል፤ ታድሶ በየሲኒማ ቤቱ ሊታይ ነው፤ ጥያቄ ምልክቱን አስነስቼ ስምዎን አስገባለሁ" አልካቸው። ጎሽ የኔ ጀግና! ከዚያን ቀን ወዲህ እዚህ ቤት ሌላ ወሬ የለም። እንግዳ በመጣ ቁጥር ከሀ ይጀምራሉ፦ በወጣትነታቸው በዚያ አስፈሪ ፊልም ላይ ሙሚው፣ ማለትም የተገነዘው ሬሳ፣ እሳቸው እንደነበሩ፣ ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር በፋሻ ተጠቅልለው ከመቃብር እየተነሱ፣ እግራቸውን እየጎተቱ ስንቱን ሰው እንዳስጮሁ፣ ፊልም ሠሪዎቹ ግን ተመልካቹ "ማን ይሆን?" እንዲል ብለው በስማቸው ቦታ ጥያቄ ምልክት እንዳስቀመጡ። "ሃምሳ ዓመት ጥያቄ ምልክት ሆኜ ኖርኩ" ሲሉ እንግዳው ይስቃል። እኔ ግን መሳቅ ካቆምኩ ቆየሁ።

የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስማቸውን ሸራው ላይ በገዛ ዓይናቸው ማየት። ዓይኑ ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቅም። ቁርጡን ንገረኝ፤ ይሆናል ወይስ አይሆንም?

የጠየቅከውን የሥዕል መጽሔት በጎረቤታችን በሹፌሩ እጅ ልኬልሃለሁ። ያ ካባ ለባሽ ጀግና ከሙሚ ጋር የሚደባደብበት፣ አባባ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ያነቡልህ የነበረው ነው። ሽፋኑ ተገንጥሏል፤ ያንተው ሥራ ነው። እሳቸው ሁልጊዜ የሚያግዙት ለሙሚው ነበር። "ይሄም ጀግና ተብሎ! በፋሻ የታሰረ ሰው ይመታል? ፈቶት ይሞክረው!" እያሉ ሲሳደቡ ትዝ ይልሃል?

እማዬ ስቱዲዮው ውስጥ ስትሠራ ትጽፍበት የነበረውን ደብተር ግን አላገኘሁትም። ቁም ሣጥኑ አልቀረኝ፣ ከአልጋው ሥር አልቀረኝ። የለም። ደግመህ አትጠይቀኝ።

እህትህ


ኅዳር 3

እታለም፣

እንደምን አለሽ? ዘግይቼ ስለጻፍኩ አትቆጪኝ፤ ብትቆጪም ልክ ነሽ። አባባን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

ባለፈው አባባ ሐኪሙ ክፍል ገብተው ሳለ ደውለሽ "አንድ ስም መጻፍ ተራራ መግፋት ነው ወይ?" ብለሽ ጮኸሽብኛል። ነው። እንዲያውም ተራራው ይሻላል፤ ተራራ ፎርም አያስሞላም።

የምሠራበት ክፍል መስኮት የለውም። ፊልሙ ከማርጀቱ የተነሳ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። ሽታው ልብሴ ውስጥ ስለገባ አውቶቡስ ላይ ሰው ከአጠገቤ እየተነሳ ይሄዳል። ነጭ ጓንት አጥልቄ እያንዳንዷን ምስል አንድ በአንድ እጠርጋለሁ። ቀኑን ሙሉ ለፍቼ የማጸዳው አባባ ሁለት እርምጃ ሲራመዱ ነው። እሳቸው መሆናቸውን አውቃለሁ። ያ የትከሻ አጣጣል የማን እንደሆነ ለእኔ ሊነገረኝ ነው? ግን ለኃላፊያችን "ትከሻቸው ራሱ ይመሰክራል" ብላቸው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝና "ትከሻ አይፈርምም" አሉኝ።

ነገሩ ክፋት አይደለም፣ እውነቱን ልንገርሽ። ለዚያች ጥያቄ ምልክት ከአባባ ሌላ አራት ባለቤት መጥቶላታል። አንዱ ቦክሰኛ ነበር ይላሉ ልጆቹ። አንዱ ቧንቧ ሠራተኛ ነበር። ሁሉም "አባታችን ነው" እያሉ ይምላሉ፣ ሲምሉም የምራቸውን ነው። መሥሪያ ቤቱም በዚያን ጊዜ የተጻፈና የተፈረመበት ወረቀት ካልመጣ ማንንም አላስገባም ብሏል። አባባ ደግሞ ውል የሚባል ነገር አልነበራቸውም፤ ጠዋት በር ላይ ከቆሙት መሃል "አንተ ረጅሙ፣ ና" ተብለው የገቡ ሰው ናቸው።

መጽሔቱ ደርሶኛል፣ እጅሽ ይባረክ። ሥዕሉን ከፊልሙ አጠገብ አድርጌ ሳየው ምን አገኘሁ መሰለሽ? በሌሎች ፊልሞች ያሉት ሙሚዎች ሁሉ ፋሻቸው የሚወርደው ከግራ ትከሻ ወደ ቀኝ ወገብ ነው። የእኛው ብቻ ከቀኝ ወደ ግራ ይወርዳል። በመጽሔቱም እንደዚያው! እማዬ ናታ! እዚያ ስቱዲዮ ልብስ ክፍል ውስጥ ፋሻውን ያረጀ እንዲመስል በሻይ እየነከረች፣ እያደረቀች፣ በየማለዳው አባባን የምትጠቀልላቸው እሷ አልነበረች? ግራኝ ስለሆነች ነው የተገላበጠው።

የመጽሔቱ ሠዓሊ በሕይወት አሉ ሲሉኝ እየሮጥኩ ሄድኩ። አራተኛ ፎቅ፣ አሳንሰሩ የተበላሸ። ቤታቸው ከወለል እስከ ጣሪያ መጽሔት ነው፤ አንድ ወንበር አስለቅቀው አስቀመጡኝ። "አዎ፣ ስቱዲዮው ድረስ ሄጄ ነው ሙሚውን የሣልኩት" አሉኝ። "ውስጥ የነበረውን ሰውዬ ያስታውሱታል?" አልኩ። "እሱን አላየሁትም፤ ያየሁት ፋሻ ነው። ሴትየዋን ግን! ፊቱን ልይ ብዬ የፋሻውን ጫፍ ሳብ ባደርግ፣ በግራ እጇ እጄን ቸብ! 'ሦስት ሰዓት የለፋሁበትን!' አለችኝ" ብለው ከት ብለው ሳቁ። እኔ ማልቀስ ነው ያማረኝ። ስለ አባባ ልጠይቅ ሄጄ ስለ እማዬ ሰምቼ ተመለስኩ።

ስለዚህ የቀረን ደብተሩ ብቻ ነው። በዚያ ሥራ የጠቀለለ ሰው ፋሻው ከየት ተነስቶ የት እንዳለቀ በየቀኑ ሥሎ ይይዛል፤ አለዚያ የነገው ሙሚ ከዛሬው ጋር አይመሳሰልም። እማዬም ትይዝ ነበር። ሻይ የፈሰሰበትን ሰማያዊ ደብተር እኔው በዓይኔ አይቼዋለሁ። "ደግመህ አትጠይቀኝ" ብለሻል፤ ይኸው ደግሜ ጠየቅኩ። ፈልጊው።

ወንድምሽ


ኅዳር 21

ወንድም ዓለም፣

አዎ፣ ዋሽቼሃለሁ። ደብተሩ ጠፍቶ አያውቅም። እማዬ ካረፈች ጀምሮ እዚሁ መድኃኒት ቤት፣ መሳቢያዬ ውስጥ፣ ከሙቀት መለኪያዎቹ ሥር ነው ያለው። ስድቡን ስትጨርስ ቀጥለህ አንብብ።

ለምን ደበቅኩት? አባባ ስማቸው በየገጹ ያለ ይመስላቸዋል። "የእናታችሁ ደብተር ይመሰክርልኛል" እያሉ ለመጣው ሁሉ ይናገራሉ። እሳቸው ግን አንድም ቀን ገልጠውት አያውቁም፤ "የሴት ጨርቅና መርፌ" ነበር የሚሉት። አሁን ቢገልጡትም አያዩትም። እኔ ገልጬዋለሁ። ስማቸው የለም። ለመድኃኒት እንኳ የለም። ልብስ ክፍሉ ውስጥ ሁሉም "ሬሳው" ብለው ነበር የሚጠሯቸው፤ እሷም እንደዚያው ነው የጻፈችው። ስማማ፦

"ሬሳው ስላስነጠሰ ከአንገት በላይ ያለው እንደገና ተጀመረ።"

"ሬሳው ምሳውን በቱቦ ጠጣ። አኩርፏል።"

"የሬሳው ግራ ጉልበት አብጧል። እዚያ ጋ ላላ አድርጌዋለሁ። ለዳይሬክተሩ አልተነገረም።"

"ሬሳው ስሜን ጠየቀኝ። ነገርኩት።"

ይቺን የመጨረሻዋን ሳነብ እንባዬ መጣ። መድኃኒት እየጠበቀ የነበረው ሰውዬ የእሱን ማዘዣ አይቼ ያለቀስኩ መስሎት ክው አለ፤ እሱን ለማረጋጋት አሥር ደቂቃ ፈጀብኝ።

በየገጹ ግርጌ ግን ፊርማ አለ። የእሷ። ቀን ተጽፎበት፣ ስሟ ከነአባቷ። የልብስ ክፍሉ አለቃ "የጠቀለለ ይፈርም" የሚል ደንብ ነበራቸው አሉ፤ ፋሻው ቢላላ ማንን እንደሚቆጡ ለማወቅ። እንግዲህ የአባባ ምስክር የተባለው ደብተር ስለ አባባ አንድ ቃል አይናገርም። ይህን ከምታውቀው ሌላ መንገድ ብታገኝ ይሻላል ብዬ ነበር። አላገኘህም።

ትናንት አባባ ውሃ ከብርጭቆው ውጪ ቀድተው ጠረጴዛውን አጠቡት። "ብርጭቆውን ማነው ያንቀሳቀሰው?" ብለው እኔኑ ተቆጡኝ። ማንም አላንቀሳቀሰውም። ስለዚህ ደብተሩን ልኬልሃለሁ። ከጠፋ ግን እህት የለህም።

እህትህ (እስከዚያው)


ታኅሣሥ 14

እታለም፣

ልጽፍልሽ ሦስት ቀን ተቀምጬ ሦስቱንም ቀን ወረቀት ቀደድኩ። እኔ የሰው ፎቅ ስወጣና ስወርድ፣ እጄ ኮምጣጤ ሆኖ፣ ኃላፊዬ ፊት ስለማመጥ፣ አንቺ መሳቢያሽን ቆልፈሽ ተቀምጠሻል! ሰው ለገዛ ወንድሙ እንዲህ ያደርጋል? እሺ። በቃ። ወጣልኝ።

ምን ተባለ ብለሻል። ደብተሩን ኃላፊያችን ሁለት ቀን አነበቡት። ሲመልሱልኝ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር፤ አለቀልን ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ ሁላችንንም፣ የአምስቱን አባቶች ልጆች፣ ሰብስበው በጮኸ ድምፅ አነበቡልን። "ሬሳው ማን ነው?" አሉ። "አባቴ ነዋ! የጠቀለለችውን ሴት ያገባ እሱ ነው!" አልኩ። የቦክሰኛው ልጅ ብድግ አለና "ጉልበቱን የሚያመው የኔ አባት ነበር" አለ። የቧንቧ ሠራተኛው ልጅማ አባቱ ሲያስነጥስ ሰፈር እንደሚሰማ ምስክር ቆጠረ። ልታነቢው ያስቅ ይሆናል፤ እዚያ መቀመጥ ግን አያስቅም። አምስት ሬሳ አንድ ፋሻ ውስጥ ሲጋፋ ዋለ።

ውሳኔው ይኸው። ጥያቄ ምልክቱ እንዳለ ይቆያል። ከሥሩ ግን አዲስ መስመር ይገባል፤ "የፋሻ ሥራ" ይልና የእማዬ ስም፣ ከነአባቷ። የተፈረመ ማስረጃ ያላት እሷ ብቻ ናት።

ምን እንደተሰማኝ እኔም አላውቀውም። ደስ አለኝ እንዳልል የአባባ ፊት ይመጣብኛል። ከፋኝ እንዳልል እማዬ ናት እኮ! በሕይወት ሳለች ስለ ሥራዋ ጠይቄያት አላውቅም። ካባ ለባሹ ሙሚውን ሲመታው አለቅስ የነበርኩ ልጅ፣ ያን ፋሻ ማን እንዳሰረው አንድ ቀን አስቤ አላውቅም። አፍሬያለሁ።

አሁን የምልሽን በጥሞና ስሚኝ። የአባባ ዓይን አሁን ፊደል አይለይም። መስመሩ ሲመጣ በጆሯቸው "ስምዎ ይኸው" በያቸው። በቃ፣ ይቺው ናት። ማንን ይጎዳል? ሃምሳ ዓመት የጠበቁትን አግኝተው ደስ ይበላቸው። እባክሽ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 27

ሰላምታውን ዝለለው።

ውሸቱ ያንተ፣ ምላሱ የኔ! ቃል የገባህ አንተ፣ ጨለማ ውስጥ የማንሾካሹክ እኔ! ጠብታውን ማን ያንጠባጥባል? እኔ። "ዛሬስ ደወለ?" ሲባል ማን ይመልሳል? እኔ። አሁን ደግሞ እናቴን ከሸራ ላይ ፍቄ አባቴን ልጻፍበት? እሷ ዕድሜዋን ሙሉ ዝም ብላ ኖራ፣ አንድ ጊዜ ስሟ ቢጠራ፣ እሱንም ልጇ ቀማቻት ይባል?

እምቢ ግን አላልኩህም። የሚያናድደኝም ይኸው ነው። እምቢ ማለት ነበረብኝ። ትናንት አባባ ሸሚዝ ሲያስተኩሱኝ ዋሉ። "ለስም የሚሆነው የትኛው ኮት ነው? ሰማያዊው ወይስ ቡኒው?" ይሉኛል። ቀለሙን እንኳ አይለዩትም እኮ፤ በእጃቸው እየዳሰሱ ነው የሚጠይቁኝ። እውነቱን ልነግራቸው ሁለት ጊዜ አፌን ከፈትኩ፤ ሁለት ጊዜም ስለ ኮት አወራሁ።

ቀኑንና ሰዓቱን ላክልኝ። መስመሩ የት ላይ እንደሚመጣም ጻፍልኝ፣ ሳላስበው እንዳይመጣብኝ።


ጥር 9

እታለም፣

ጥፋተኛው እኔ ነኝ፤ አልከራከርሽም። በዕለቱ ከጎናችሁ ልሁን ብዬ ፈቃድ ጠይቄ ነበር፤ ሌላኛውን ቅጂ ይዤ ሌላ ከተማ እንድሄድ ታዘዝኩ። ለምኜም ነበር።

ቅዳሜ ጥር 20፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ እናንተ ጋ ያለው ትልቁ ሲኒማ ቤት። ስሞቹ የሚመጡት መጀመሪያ ላይ ነው። የመቃብሩ በር ይታያል፣ የዋናዎቹ ተዋንያን ስም ያልፋል፣ ከዚያ "ሙሚው" ብሎ ጥያቄ ምልክቱ ይመጣል። ቀጥሎ እሷ ናት። ፊደሉ ነጭ ነው፣ በጥቁር ላይ። በገዛ እጄ ነው ያስገባሁት።

መሃል ላይ ተቀመጡ። ብትዋሺም ባትዋሺም አልቀየምሽም።

ወንድምሽ


ጥር 21

ወንድም ዓለም፣

እንደምን አለህ? አባባ ደህና ናቸው። ይህን ስጽፍ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው "ጻፍሽው? ጻፍሽው?" እያሉ ጠረጴዛውን በጣታቸው ይቆረቁራሉ። ምን እንድጽፍ እንደፈለጉ እደርስበታለሁ።

ምን አልሻቸው ለማለት ትናንት ሦስት ጊዜ ደውለሃል። ሆን ብዬ ነው ያላነሳሁት። እሳቸው እየሰሙ የሚነገር አልነበረም።

ሰማያዊውን ኮት ለበሱ። መሃል ተቀመጥን። የመቃብሩ በር ሲመጣ ክንዴን ጨምድደው ያዙኝ። "ጥያቄ ምልክቷ መጣች?" አሉኝ። ትልቅ ስለሆነች ጥላዋ ሳይታያቸው አልቀረም። "መጣች" አልኩ። "ተነሳች?" አሉ። ወዲያው ቀጣዩ መስመር መጣ። "አንብቢልኛ!" አሉ።

አፌን የከፈትኩት ልዋሽ ነበር፣ እምልልሃለሁ። የእሳቸው ስም ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል። ዓይኔ ግን ሸራው ላይ ነበር። እማዬን ያን ያህል ትልቅ ሆና አይቻት አላውቅም። ከአፌ የወጣው የእሷ ስም ነው። ከነአባቷ።

እጃቸው ክንዴ ላይ ደረቀ። ሙሚው ሲነሳ ሰው ሁሉ ጮኸ፤ እሳቸው ዝም። በቃ ገደልኳቸው አልኩ። ከዚያ ወደኔ ዘንበል ብለው "የኔስ?" አሉ።

"የለም አባባ። ጥያቄ ምልክቱ እንዳለ ነው። እሷ በየቀኑ ትፈርም ስለነበር ነው። የእርስዎ ስም ደብተሩ ውስጥ የለም።"

"አንድም ቀን አላየሁላትም እኮ" አሉ።

"ምኑን?"

"ደብተሩን። ና እይልኝ ብላኝ ነበር። ሦስት አራት ጊዜ ብላኛለች።"

ፊልሙ አልቆ ሰዉ ሲወጣ አልነሳም አሉ። የሚቀጥለውንም እናያለን አሉ። ሄጄ ሌላ ትኬት ቆረጥኩና ተመልሼ ተቀመጥኩ። የመቃብሩ በር መጣ። ስለ ጥያቄ ምልክቱ አልጠየቁኝም። የእሷ መስመር ሲመጣ አነበብኩላቸው። "ድገሚልኝ" አሉ። "አለፈ አባባ።"

"አለፈ? ስንት ሰኮንድ ነው?"

"ሦስት ቢሆን ነው።"

እንዴት እንደተቆጡ ልነግርህ አልችልም! "እኔ እግሬን ስጎትት አራት ደቂቃ ሲያሳዩኝ ለእሷ ሦስት ሰኮንድ?" አሉ፣ አዳራሹ ሙሉ እየሰማ። ከኋላ "እሽሽ" አሏቸው። "ራስህ እሽሽ! ጎህ ሳይቀድ ተነስታ፣ እጇ በሻይ በልዞ፣ በየቀኑ ሦስት ሰዓት ቆማ ነው የጠቀለለችኝ! ሰው አንብቦ ሳይጨርስ ትጠፋለች?" ብለው ብድግ አሉ። ስሟንም ጮክ ብለው ጠሩት፤ ሸራውን ማየት ያልቻለ ሁሉ እንዲሰማ ይመስል፣ ደጋግመው። ባትሪ የያዘ ሰው መጣና በትህትና አስወጣን። በዚህ ዕድሜዬ ከሰባ ስምንት ዓመት ሽማግሌ ጋር ከሲኒማ ቤት ተባረርኩ። መንገዱን ሁሉ ሲቆጡ መጡ። እኔም አብሬያቸው ተቆጣሁ።

ይኸው ያስጻፉኝ፦

"ለልጄ። የእኔን ጥያቄ ምልክት ተዋት፣ ለምጃታለሁ። የእናትህ ስም ግን ቶሎ ያልፋል። ነገ ጠዋት ገብተህ ለአለቆችህ ንገር፤ አሥራ አምስት ሰኮንድ ይቁም። ዓይኔ ባይደርስበትም እህትህ ታነብልኛለች።"

እሳቸው ያሉት አሥር ሰኮንድ ነበር። አምስቱን የጨመርኩት እኔ ነኝ።

እህትህ